ፊንሰ (ኖርዌይ) የወሰድኩት የግግር በረዶ ሴፍቲና ሬስኪው ስልጠና፦ ለተመራማሪ ይጠቅማል ወይ?

አጭሩን መልስ ቀድሜ ልስጣችሁ፣ አዎ ይጠቅማል። የግግሩን መቅለጥ የሚያሳይ ችካል ለመትከልም ይሁን ውሃ ለመለካት ግግር በረዶ ላይ የሚወጣ ተማሪም ሆነ ተመራማሪ ይሄን አይነት ስልጠና ሳይወስድ እግሩን ባያነሳ ደስ ይለኛል። ግን ስልጠና ሁሉ አንድ አይደለም፣ አብዛኛው ለቱሪስትና ለተራራ ወጪ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ጥቂቱ ደሞ የኛን ስራ አይቶ የተዘጋጀ ነው፣ እኔ የወሰድኩት ሁለተኛው አይነት ስለሆነ ነው ጊዜ ወስጄ የምጽፈው። ያዘጋጀውን ድርጅት ስም እዚ አልጠራም፣ ቅር ያሉኝን ነገሮችም ሳልደብቅ መናገር ስለምፈልግ። ቦታው ግን ፊንሰ ነው፣ ከኦስሎ ወደ በርገን በሚሄደው የባቡር መስመር ላይ።

ሀበሻ በረዶ ላይ ምን ያረጋል ለምትሉ፣ ነገሩ ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ትሮንድሃይም (የኖርዌይ ከተማ) ያለው የኃይድሮፓወር ትምህርት ብዙ የኛን ሀገር ኢንጅነሮች ለብዙ አመታት አስተምሯል፣ እኔም በዛው መንገድ ነው የመጣሁት። የኖርዌይ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፣ ከዛ ውሃ ደሞ በበጋ ከግግር እየቀለጠ የሚመጣ አለ። ለምሳሌ ፊንሰ አጠገብ ያለው ሃርዳንገርዮኩለን የሚባለው ግግር ከ60 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ነው፣ በምዕራብ በኩል ሬምበስዳልስኮካ በሚባለው ክንዱ የሚወርደው ውሃ የሲማን ኃይል ማመንጫ ይመግባል። እዛ ክንድ ላይ በየአመቱ ምን ያህል ስኖው (ከሰማይ የወረደው ለስላሳው በረዶ) እንደተጠራቀመና ምን ያህል እንደቀለጠ ከ1963 ጀምሮ ሲለካ ቆይቷል (የማነሳቸው አመተ ምህረቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። እዛው ጎን ዴሜቫትን የሚባል ግግሩ የገደበው ሀይቅ አለ፣ በ1893 በግግሩ ስር ሰብሮ ወጥቶ ታች ያለውን ሸለቆ ያጥለቀለቀ፣ ለብዙ አስርት አመታት ዝም ካለ በኋላ ደሞ ግግሩ ሲሳሳ በ2014 እንደገና የጀመረ። እና ይሄን ሁሉ ከቢሮ ሆኖ በሳተላይት ብቻ መከታተል አይቻልም፣ አንድ ሰው ወጥቶ ችካሉን መትከል፣ ተመልሶ ማንበብ አለበት። ያ ሰው በሰላም እንዲመለስ ነው ስልጠናው።

ፊንሰ ራሱ የሚገርም ቦታ ነው፣ ባቡር ጣቢያው 1222 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ በኖርዌይ የባቡር መስመር ላይ ከሱ የሚበልጥ የለም፣ የመኪና መንገድ ደሞ ጭራሽ የለውም። ባቡሩ ያወርዳችኋል፣ ዙሪያው ድንጋይና ነፋስ ነው፣ ማዶ ደሞ ግግሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሻክልተን በ1914 ወደ አንታርክቲካ ከመሄዱ በፊት እቃዎቹን የሞከረው እዚ ነው። የኦስሎና የበርገን ዩኒቨርሲቲዎችም እዛ የምርምር ጣቢያ አላቸው። ለዚ አይነት ስልጠና የሚመረጠው አለምክንያት አይደለም፣ ከባቡር ወርደህ በእግር ወደ ግግሩ ጫፍ ትደርሳለህ፣ አየሩ ደሞ በአንድ ከሰአት ውስጥ ከጸሀይ ወደ ጭጋግ ወደ ዝናብ ይገለባበጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተራራ ወጪና ተመራማሪ በረዶ ላይ የሚያደርጉት ነገር አንድ አይደለም። ተራራ ወጪ ይራመዳል፣ ገመዱ እንደተወጠረ ያልፋል፣ አይኑ መንገዱ ላይ ነው። ተመራማሪ ግን ይቆማል፣ አንድ ቦታ ላይ ሰአታት ይቆማል፣ በእንፋሎት መሰርሰሪያ ጉድጓድ ይበሳል፣ አንገቱን ደፍቶ ቁጥር ይጽፋል፣ ጂፒኤስ ይተክላል፣ እቃው ከኋላው ስሌድ (በረዶ ላይ የሚጎተት መጫኛ) ላይ ነው፣ ጓንቱን ያወልቃል፣ ገመዱ ስራ ስለሚያደናቅፈው ከገመዱ መፈታት ይፈልጋል፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄዶ ፎቶ ማንሳት ይፈልጋል። አደጋው ያለው እነዛ ሁለት እርምጃዎች ላይ ነው። ሌላው ደሞ ዳታ የሚባለው ጫና ነው፣ ተራራ ወጪ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ጊዜ ይላል፣ የኛ ችካል ግን ዘንድሮ ካልተነበበ የዘንድሮው ቁጥር ለዘላለም ጠፋ ማለት ነው፣ ስለዚ ሰው አየሩ እየከፋ እያየ "አንዷን ብቻ ጨርሰን" ይላል። ይሄን ነገር አሰልጣኞቹ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ደጋግመው ነበር የሚያነሱት፣ እኔ ከሌላ ቦታ ያልሰማሁት ነገር ስለሆነ በጣም ነው ያከበርኳቸው።

ልምድ ያለው ሰው አይወድቅም የሚል ካለ ሁለት ስም ብቻ ይበቃል። ጎርደን ሃሚልተን፣ የሜይን ዩኒቨርሲቲ ግላሲዮሎጂስት (የግግር በረዶ ተመራማሪ)፣ በጥቅምት 2016 አንታርክቲካ ውስጥ ማክመርዶ የሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ አካባቢ በስኖውሞቢል (በበረዶ ሞተር) ሲሄድ 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ቦታው ስንጥቅ የበዛበት መሆኑ ይታወቃል፣ ቡድኑ ራሱ እዛ የሄደው ያንን ለማጥናትና መንገዱን ለማስጠበቅ ነበር። ኮንራድ ስቴፈን ደሞ፣ ግሪንላንድ ላይ ስዊስ ካምፕ የሚባለውን ጣቢያ በ1990 ያቋቋመው ሰውዬ፣ በነሐሴ 2020 እዛው ካምፑ አጠገብ ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ሰላሳ አመት ሙሉ የተመላለሰበት ቦታ ነው። አሰልጣኞቹ ሁለቱንም ያነሷቸው ለማስፈራራት አልነበረም፣ በረዶ እንደ አምናው እንደማይቆይ ለማስረዳት ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይሳሳል፣ አምና የተራመድክበት ካርታ ዘንድሮ አይሰራም። ከኔ ጎን የነበረ ኔፓላዊ ተማሪ ይሄ ሲወራ ስለሀገሩ የግግር ሀይቆች ብዙ ነገረን፣ ያ ማታ ከሁሉም የተሻለው ማታ ነበር።

ስልጠናው በነሐሴ ስለሆነ የግግሩ ታችኛው ክፍል ስኖው የለበትም፣ ጠንካራው ሰማያዊ ግግር ተገልጦ ነው ያለው። ስንጥቁ ሁሉ ይታያል፣ ሰው እዛ የሚጎዳው በአብዛኛው ተንሸራቶ ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ የተማርነው ክራምፖን (ጫማ ስር የሚታሰር ባለጥርስ ብረት) አድርጎ መራመድ ነው። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። እግርን ሰፋ አድርጎ፣ የብረቱን ጥርስ በሙሉ አሳርፎ፣ አንዱ ጥርስ የሌላኛውን ሱሪ እንዳይዝ ተጠንቅቆ። ከዛ ገመድ። እዚ ላይ በጣም የወደድኩት ነገር ገመድ መቼ እንደሚገድል በግልጽ መናገራቸው ነው። ቁልቁለት የሆነ ራቁት ግግር ላይ ምንም ማሰሪያ (በረዶው ላይ ተተክሎ ገመዱን የሚይዝ ነገር) ሳይኖር ሰዎች ተያይዘው ቢሄዱ አንዱ ሲንሸራተት ሌሎቹንም ይዟቸው ይወርዳል፣ ስለዚ ወይ ማሰሪያ እየሰሩ መሄድ ነው ወይ ሌላ መንገድ መፈለግ ነው። ከላይ ስኖው በሸፈነው ክፍል ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ስንጥቁ አይታይም፣ ከላዩ ስስ የስኖው ድልድይ አለ፣ እዛ ያለገመድ አንድ እርምጃም የለም፣ በሰው መካከል ከ10 እስከ 15 ሜትር ገመድ ተወጥሮ ነው የሚኬደው። ገመዱ ከላላ የወደቀው ሰው ብዙ ከወረደ በኋላ ነው የሚይዘው፣ ያኔ ደሞ ያዡን ከመሬት ነቅሎ ይጎትተዋል።

ሬስኪው የሚለው ክፍል ነው የስልጠናው ልብ። እውነተኛ ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ወስደውን፣ ከላይ በሌላ ገመድ ሁለተኛ ጥበቃ አድርገው፣ በየተራ ሰው ወደ ውስጥ ወርዶ ተንጠልጥሎ ሌሎቻችን እንድናወጣው አደረጉ። ከስር ያለው ቅዝቃዜ ከላይ ሆነህ የምታስበው አይነት አይደለም፣ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ድምጽ ጠርዙ ላይ ይታፈናል፣ የሚጮሁልህን ግማሹን አትሰማም። ሃርነስ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው ቀበቶ) ላይ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ሰው ብዙ ሳይቆይ ራሱን ሊስት ስለሚችል ለእግሩ መርገጫ የሚሆን የገመድ ቀለበት ራሱ እንዲያበጅና እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ነው የሚያስተምሩት። ለዛ የሚጠቅመው ቋጠሮ ፕሩሲክ የሚባለው ነው፣ ካርል ፕሩሲክ የሚባል ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ በ1931 ያስተዋወቀው፣ ክብደት ሲያርፍበት ወፍራሙን ገመድ ጭብጥ የሚያደርግ፣ ሲለቁት ደሞ የሚንሸራተት። በዛች ቀጭን ገመድ ብቻ ያልተጎዳ ሰው ራሱን ማውጣት ይችላል። ጓንት አድርገን፣ አይናችንን ጨፍነን፣ እጃችንን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረን እንድናስረው አደረጉን፣ እውነት ለመናገር ይሄን ያደረጉት ጊዜ ነው ስልጠናው ከምር የገባኝ፣ ምክንያቱም ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ቋጠሮ ማሰርና ጣት ሲደነዝዝ ማሰር የሚገናኙ አይደሉም።

ከላይ ላለው ሰው ደሞ ስራው ቅደም ተከተል አለው፣ ብዙ ሰው ወዲያው ወደ መጎተት ነው የሚሄደው፣ ስህተት ነው። መጀመሪያ ውድቀቱን ይዞ መቆም፣ ከዛ ማሰሪያ መስራት፣ ክብደቱን ወደ ማሰሪያው ማዛወር፣ ከዛ ራስን አስሮ ወደ ጠርዙ ሄዶ ማየትና ማናገር። ተጎድቷል ወይ? ይተነፍሳል ወይ? ጃኬት ይላክለት ወይ? ከዛ ጠርዙን ማዘጋጀት። ገመዱ የስኖውን ጠርዝ ክር ቅቤን እንደሚቆርጠው ቆርጦ ይገባል፣ አንዴ ከገባ ደሞ ምን ቢጎተት ሰውየው ጠርዙ ስር ይቀረቀራል እንጂ አይወጣም፣ ስለዚ ከገመዱ ስር ቦርሳ ወይም የበረዶ መጥረቢያ እጀታ ይደረጋል። ከሁሉም በኋላ ነው መጎተት የሚመጣው። በፑሊ (ገመድ የሚዞርበት ትንሽ ጎማ) ሶስት ለአንድ የሚባለውን፣ ጉልበትን በሶስት የሚያበዛውን ስርአት ብትሰሩ 80 ኪሎ ሰው በወረቀት ላይ 27 ኪሎ አካባቢ ይሆናል፣ በተግባር ግን ሰበቃው ብዙውን ይበላዋል፣ በተለይ ፑሊ ጠፍቶ በካራቢነር (በሚከፈትና በሚዘጋ የብረት ቀለበት) ብቻ ከሆነ። ይሄን በቲዎሪ አልነበረም ያሳዩን፣ አንዴ በካራቢነር አንዴ በፑሊ ያንኑ ሰው አስጎተቱን፣ ልዩነቱን ጀርባችን ነው የነገረን።

ማሰሪያ ላይም ጥሩ ጊዜ ሰጥተዋል። ግግር ላይ የበረዶ ብሎን ይገባል፣ ነገር ግን በበጋ ጸሀይ ብረቱ ሙቀት ወስዶ ዙሪያውን ያቀልጣል፣ ተመራማሪ ደሞ አንድ ቦታ ላይ ሰአታት ስለሚቆይ ጠዋት የጠበቀው ብሎን ከሰአት ሊወዛወዝ ይችላል፣ ስለዚ በተፈጨ በረዶ መሸፈንና ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ብሎን ካነሰ በብሎኑ ሁለት ቀዳዳ ውስጥ ለውስጥ እንዲገናኙ አድርጎ በስቶ ገመድ ማሾለክ ነው፣ አባላኮቭ ይባላል፣ በሶቭየቱ ተራራ ወጪ ስም። ስኖው ላይ ደሞ ብሎን አይይዝም፣ ቦይ ቆፍሮ መጥረቢያውን ወይም ስኪውን አግድም መቅበር ነው። እኔ ይሄን ቅበሩ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፣ አራት ሰው ሆነን ተስበን አልነቀልነውም።

ለኛ ስራ ከሁሉ በላይ አስፈላጊ የነበረው ግን የሁለት ሰው ቡድን ጉዳይ ነው። የምርምር በጀት ስለሚያንስ ብዙ ጊዜ በረዶ ላይ የሚወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሲወድቅ ሌላኛው ብቻውን ተጋድሞ ክብደቱን ይዞ፣ በዛችው አቋም በአንድ እጁ ማሰሪያ መቆፈር አለበት። ሞከርነው፣ ጠንካራ የሚባሉትም ልጆች ተቸግረው ነበር። ለዛ ነው ሁለት ሰው ሲሆን በመካከል ያለው ገመድ ረዘም ብሎ በላዩ ላይ ትላልቅ ቋጠሮዎች የሚታሰሩበት፣ ቋጠሮው ስኖው ውስጥ ተቀርቅሮ ውድቀቱን እንዲያግዝ። ግን ቋጠሮ ያለበት ገመድ በፑሊ አይጎተትም፣ ስለዚ ሁለቱም ለየብቻቸው ትርፍ ገመድ መያዝ አለባቸው። ዋናው አሰልጣኝ (አዛውንት ናቸው፣ ኖርዌይ ውስጥ አንቱ ባይባልም እኔ በልቤ አንቱ ነው የምላቸው) ለሱፐርቫይዘሮቻችን በደብዳቤ እንደሚጽፉ ነገሩን፣ ስኖው በሸፈነው ግግር ላይ ከሶስት ሰው በታች አትላኩ ብለው። አንድ አሰልጣኝ ከክፍያው ባሻገር እንዲ ሲቆረቆር ማየት ደስ ይላል።

ብርድ ላይ የሰጡት ትምህርትም አጭር ግን ጠቃሚ ነበር። ከስንጥቅ የወጣ ሰው ተረፈ ማለት አይደለም፣ እየተንቀጠቀጠ የነበረ ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ነገሩ እየባሰ ነው ማለት ነው፣ እጅና እግሩን ማሸት የለም፣ አስነስቶ ማስሮጥ የለም፣ አግድም አስተኝቶ ከስር ከበረዶው የሚለየው ነገር አንጥፎ መጠቅለል፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር መስጠት። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚወርድ ከውስጥ ኪስ ገላ አጠገብ ይያዛል። ኖርዌይ ውስጥ ሬስኪው ገንዘብ አይጠየቅበትም፣ 112 ወይም 113 ነው የሚደወለው፣ ሄሊኮፕተሩም ቀይ መስቀሉም ይመጣል፣ ጭጋግ ከሆነ ግን ሄሊኮፕተር አይነሳም ብላችሁ አስቡ ነው የሚሉት። ስለዚ ከመውጣታችሁ በፊት ታች ከሚቀር ሰው ጋር የሬድዮ ሰአት ትቀጣጠራላችሁ፣ ያ ሰአት አልፎ ድምጽ ካልተሰማ ምን እንደሚደረግ ተጽፎ ይቀመጣል።

ቅር ያለኝን ደሞ ልናገር። ትልቁ ነገር ስኖው የሸፈነው ክፍል ላይ የሰራነው ትንሽ መሆኑ ነው፣ ወደ ላይ የወጣንበት ቀን ጭጋግ ስለመጣ ተመለስን። መመለሱ ትክክል ነው፣ እንደውም ራሱ ትምህርት ነበር፣ ግን ምትክ ቀን አልነበረም፣ በዛ ዋጋ ሊኖር ይገባ ነበር። ሁለተኛ፣ ስሌድ እየጎተተ ስለሚወድቅ ሰው አወሩ እንጂ አላሰሩንም፣ ስሌዱ ከኋላህ መጥቶ ሲመታህ ምን ይደረጋል የሚለው በቃል ብቻ ቀረ። ስኖውሞቢል ደሞ ጭራሽ የለም፣ የሃሚልተንን ታሪክ እያነሱ ይሄን መተው አልገባኝም። ሶስተኛ፣ የሚከራየው ጫማ ትንንሽ ቁጥር የለውም፣ ከኛ ጋር የነበሩ ሁለት ሴቶች በሁለት ካልሲ ነው የዋሉት፣ ክራምፖን ደሞ ልኩ ባልሆነ ጫማ ላይ አይታመንም፣ ይሄ የምቾት ጉዳይ አይደለም። አራተኛ፣ ነገር ሲከር አሰልጣኞቹ እርስ በርስ በኖርዌይኛ ያወራሉ፣ ገመድ ላይ ያለ ሰው የሚባለውን ሁሉ መስማት አለበት። በመጨረሻ ግምገማ ላይ ተናግሬያለሁ፣ በጥሩ ፊት ነው የተቀበሉኝ።

ምግብ ላይ ለወገኖቼ የምለው አለ፣ ወቅቱ ፍልሰታ ነው። ኖርዌይ ቁርስ ማለት ዳቦ በአይብ፣ ምሳ ማለት ያው ዳቦ በአይብ ነው። እኔ ስመዘገብ ቀድሜ ጾም መሆኔን፣ ስጋና የወተት ነገር እንደማልበላ ጽፌ ስለነበር ምስር ሾርባና ለውዝ፣ ድንች በዘይት ሳያጓድሉ አቀረቡልኝ፣ እኔም ከቤት በሶና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር፣ በሶዋን በሞቀ ውሃ በጥብጬ ግግሩ ላይ ስጠጣ ሁሉም ቀመሱልኝ። በረዶ ላይ የሚበላ ሰው ያስፈልጋል፣ ባዶ ሆድ ቶሎ ነው የሚበርደው፣ ስለዚ የምትጾሙ ሰዎች ቀድማችሁ ንገሯቸው እንጂ እዛ ሄዳችሁ በዝምታ አትራቡ።

ዋጋው ውድ ነው፣ ከኪስ የሚከፈል አይደለም፣ ግን ፊልድ የሚልካችሁ ዩኒቨርሲቲ ወይም መስሪያ ቤት ነው መክፈል ያለበት፣ ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ ይሄ የስራ ደህንነት ነው። ሌላ ቦታ ስልጠና የምትፈልጉ ካላችሁም ከመክፈላችሁ በፊት ለአንድ አሰልጣኝ ስንት ሰልጣኝ እንደሚመደብ፣ እውነተኛ ስንጥቅ ላይ ሰው የማውጣት ልምምድ እንዳለ፣ ብቻውን የቀረ ሰው እንዴት እንደሚያወጣ እንደሚያሰሩ፣ የራሳችሁን መሳሪያና ስሌድ ይዛችሁ መለማመድ እንደምትችሉ ጠይቁ። ለአራቱም ጥሩ መልስ የሌለው ድርጅት ለቱሪስት ይሁን። የራሳችሁን ሃርነስና ጫማ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጓንት ደሞ ሁለት ሶስት ጥንድ፣ አንዱ መርጠቡ አይቀርም።

እኔ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ የተቀነሰው አንዱ ለስኖውና ለስሌዱ ነው። ቋጠሮ ቶሎ ስለሚረሳ ከቢሮ ልጆች ጋር በየሳምንቱ ደረጃ ላይ ገመድ አስረን መለማመድ ጀምረናል፣ አንድ ሰው ከታች፣ አንድ ሰው ከላይ። እነሱ ራሳቸው በሚያዝያ፣ ስኖው ሙሉ በሙሉ ባለበት ጊዜ የሚሰጡት ሌላ ስልጠና አለ፣ ለሱ ተመዝግቤያለሁ፣ ስወስደው ስለሱም እጽፋለሁ።